በዳቦው ላይ ያልኩት

ኦገስት 28 ቀን 2017፣ ሰኞ

«ፀሐይወርቅ የኦስትለር ማጣሪያን ልጆች ከሥራ እንዳይወጡ በግዝት አሰረቻቸው» ይባላል አሉ። ውሸት ነው። ግዝት የካህን ሥልጣን ነው፤ እኔ ካህን አይደለሁም። የሆነውን በቅደም ተከተሉ እጽፋለሁ።

ጁላይ 2 የገብርኤል ማኅበራችን ተራው የማኅበርተኛችን የደምመላሽ ነበር። ቄሱ ሌላ ቦታ ክርስትና ነበረባቸውና አልመጡም። በዕድሜ ከሁሉ የምበልጠው እኔ ስለሆንኩ ዳቦውን ቆርሼ መረቅሁ። ያልኩት ይህ ነው፦ «ከቆማችሁበት አይንቀላችሁ፤ እንጀራችሁን ከእጃችሁ አይንጠቃችሁ።» አሜን ተባለ፣ ተበላ፣ ተጠጣ።

በዚያ ሰሞን ኦስትለር ስኳር ማጣሪያ፣ በፈቃዱ ሥራ ለሚለቅ ሠራተኛ ጥሩ ካሳ እሰጣለሁ ብሎ ፎርም በትኖ ነበር። ቀነ ገደቡ ጁላይ 14 ነበር። ከማኅበራችን ሰባት ሰው እዚያ ይሠራል። ከሰባቱ አንድም አልፈረመም። እኔ አትፈርሙ አላልኩም። ምርቃት ምርቃት ነው እንጂ ትእዛዝ አይደለም። ይህን መለየት ያቃተው ካለ ጥፋቱ የእኔ አይደለም።

በዚያው ማጣሪያ ላቦራቶሪ ሃያ አራት ዓመት የስኳር ቀለም ለክቻለሁ፤ ከዚያ በፊት ወንጂ ዘጠኝ ዓመት። አንድም ቀን ያላየሁትን ቁጥር ጽፌ አልፈረምኩም። ስለ ራሴም ያልሆነውን አልጽፍም።

ኦገስት 31

ሊፍቱ ዳግመኛ ተበላሽቷል። መርዕድ ከሥራ ሲመለስ የገዛልኝን ዕቃ ተሸክሞ አምስት ፎቅ በእግሩ ወጣ።

የእህቴ ልጅ ነው፤ እናቱ ስትሞት እኔ አሳደግሁት። ኦስትለር ውስጥ ሽሮፑን አፍልቶ ፍሬ የሚያስይዘው እሱ ነው። ፓን ይሉታል፣ ቤት የሚያህል የብረት ጋን ነው። ዛሬ ሁሉን ነገር በኮምፒውተር ያያሉ። መርዕድ ግን ጠብታውን በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ መካከል ስቦ ክሩን ሳያይ አያምንም። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ።

«እቴቴ፣ ዛሬ ሁለት ፓን ብቻ ነው ያፈላነው።»

በእኔ ጊዜ በአንድ ፈረቃ ስምንት ነበር።

«ጥገና ላይ ይሆናላ» አልኩት።

«ይሆናል» አለ፤ ሻዩን ግን አልጨረሰውም።

በዓረብ አገር፣ በባሕረ ሰላጤው አንድ ወደብ ላይ ያለ ስኳር ማጣሪያ በጁን ወር ና ብሎ ጽፎለት ነበር። ከማኅበሩ በኋላ አሁን አልችልም ብሎ መለሰላቸው። እነሱም ሐሳብህን ከቀየርክ እስከ ኦክቶበር 6 ጻፍልን ብለውታል። ዛሬ ነገሩን እንደ ዋዛ አነሣው። እዚያ አገር ሙቀቱ ሃምሳ ዲግሪ ይደርሳል አልኩት። ይደርሳልም፤ መጽሐፍ ላይ አይቻለሁ።

ሴፕቴምበር 4

ደምመላሽ መጣ። ማሸጊያ ክፍል ሃያ ዓመት ሠርቷል፤ በሃያ ዓመት ዝምታን አልተማረም።

«እትዬ፣ ቢቱ ሊለቀቅ ነው አሉ!»

ነገሩ ይህ ነው። ቢት ከሚሉት ነጭ ሥር የአውሮፓ ገበሬ የሚያወጣው ስኳር እስካሁን ገደብ ነበረበት። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ገደቡ ይነሣል። የእኛ ጥሬ ስኳር ከአገዳ ነው፤ በመርከብ ከሩቅ ይመጣል፤ ሲገባ በየቶኑ የሚከፍለው ቀረጥ ግን እንዳለ ይቆያል። ሁለት ሰው ለእሽቅድምድም አሰልፎ የአንዱን እግር ብቻ መፍታት ማለት ነው።

«እኔ እኮ ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ብዬ የመረጥኩት ለአገዳው ስል ነው» አለ ደምመላሽ። «ስንወጣ ቀረጡ ይነሣል ሲሉ አልነበር?»

«መቼ ነው የምንወጣው?»

«በሁለት ሺህ አሥራ ዘጠኝ።»

«አሁንስ ስንት ነው?»

«ኧረ ተዉኝ እትዬ! ጥቁር ሰሌዳ ፊት አቆሙኝ እኮ» ብሎ ሳቀ። ሊወጣ ሲል በሩን እንደያዘ «ደግሞስ እርስዎ መርቀውናል፤ ምን እንሆናለን?» አለኝ።

ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ብናገርም አይሰማኝም።

ሴፕቴምበር 7

መርዕድ አልመጣም። ፈረቃው ተሰርዟል፣ ራሱን አሞታል። የኮሪደሩ አምፖል ተቃጠለ። ወንበር ላይ ወጥቼ መቀየር አያቅተኝም፤ ግን ቅዳሜ ይመጣል።

ሴፕቴምበር 11፣ የዘመን መለወጫ

ከቅዳሴ በኋላ ደጁ ላይ ሁለት ሴቶች ከኋላዬ ያወራሉ። ጆሮዬ ከዓይኔ ይሻላል።

«ያቺ ናት?»

«እሷ ናታ። ለራሷ ልጅ ብላ ነው ይላሉ።»

«እንዴት ሆኖ?»

«እኔ እንጃ። ሰው የሚለውን ነው የምልሽ።»

ዞሬ እንኳን አደረሳችሁ አልኳቸው። ተሽቀዳድመው ሳሙኝ።

«ለራሷ ልጅ ብላ» ማለት ምን ማለት ነው? መርዕድም እንደ ሌሎቹ ሥራው ላይ ነው ያለው። ከሌሎቹ የተለየ ምን ተጠቀመ? ሐሜት ቢያንስ እርስ በርሱ መጋጨት የለበትም።

ሴፕቴምበር 15

ለማንም ሳልነግር ወደ ማጣሪያው ሄድኩ። ከምኖርበት ከአርችዌይ ሁለት ባቡርና አንድ አውቶቡስ ነው። ጡረታ ከወጣሁ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆንም መንገዱን አልሳትኩም፤ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ብቻ ቁጥሩ አልታየኝ ብሎ አንዲት ልጅ አነበበችልኝ።

በድሮ ጊዜ ከአውቶቡስ ሳልወርድ ሽታው ይቀበለኝ ነበር። የተቃጠለ ስኳርና የሞላሰስ ሽታ በልብስ ውስጥ ይገባል፤ መርዕድ ልጅ ሆኖ ቀሚሴን እያሸተተ ይተኛ ነበር። ዛሬ የወንዙ ጭቃ ብቻ ሸተተኝ።

መርከብ የለም። ክሬኑ አንገቱን ወደ ውኃው እንደደፋ ቆሟል፤ ጫፉ ላይ ወፎች ሰፍረዋል። የጥሬ ስኳሩ መጋዘን በር ተከፍቶ ነበር። እዚያ ውስጥ ጣሪያ የሚነካ ቡናማ ተራራ ነበር የማውቀው፤ ክረምት ከበጋ አይጎድልም። ዛሬ ከመንገዱ ማዶ ሆኜ ወለሉን አየሁ። የመጋዘኑ ወለል ሲሚንቶ መሆኑን እንኳ ያወቅሁት ዛሬ ነው።

ዘበኛው ወጣት ነው። ጠፍተው ነው ወይ አለኝ። እዚህ ሃያ አራት ዓመት ሠርቻለሁ አልኩት። «እንግዲያው ከእኔ የበለጠ ያውቁታል» አለና ወንበሩን አወጣልኝ። ተቀምጬ ሳለሁ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ገባ። የውጭ አገር ሰሌዳ ነው አለኝ ዘበኛው። ነጭ ከረጢቶች ያራግፋሉ። አንዱ ተቀዶ በሩ አጠገብ ጥቂት ፈሰሰ።

ጎንበስ ብዬ በመሐረቤ ጫፍ ቆንጥሬ አነሣሁ። ዓይኔ ደክሟል፤ ነጭነትን ግን ይለያል። ፍሬው እኩል ነው፣ ከእኛም የነጣ ነው። ከዚያ አሸተትሁት። በስተመጨረሻው የእርጥብ አፈር ሽታ አለው። የአገዳ ስኳር እንዲህ አይሸትም። የቢት ነው።

የአገዳ ማጣሪያ በር ላይ የታሸገ የቢት ስኳር ምን ይሠራል? መልሱን ለማወቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም።

ለመርዕድ አልነገርኩትም። እርግጠኛ ያልሆንኩበትን ነገር አልናገርም።

እርግጠኛ ነኝ።

ሴፕቴምበር 19

የስኳር ነጋዴዎች የሚያወጡት ጋዜጣ በፖስታ መጣ። ዋጋው አሁንም ወርዷል። ጠቃሚውን ቆርጦ፣ ያነበብሁበትን ቀን ጽፎ በፎልደር ማስቀመጥ የቆየ ልማዴ ነው። ዛሬ ግን አልቆረጥኩም። ከዚህ በኋላም አልቆርጥም። ለማን ብዬ?

ሴፕቴምበር 22፣ ዓርብ

ደብዳቤው ወጣ። መርዕድ ይዞት መጥቶ አነበበልኝ።

መርዕድ የሚሠራበት የማፍሊያው ክፍል ኦክቶበር 27 ይዘጋል። ኦስትለር ከዚያ ወዲያ አያጣራም፤ ከማዶ የመጣውን እያሸገ ይሸጣል እንጂ። ለዚያም ጥቂት ሰው ይበቃዋል። የሚወጡት ሕጉ የሚያስገድደውን ዝቅተኛ ካሳ ያገኛሉ። በጁላይ ለፈረመ ይሰጥ የነበረው የዚህ ሦስት እጥፍ ነበር።

መርዕድ ደብዳቤውን አራት ላይ አጠፈው። ሲናደድ እንኳ ጥንቅቅ ያለ ልጅ ነው።

«እቴቴ፣ ፎርሙን ሞልቼው ነበር እኮ። በማኅበሩ ቀን ኮቴ ኪስ ውስጥ ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ አሜን አልኩ። አሜን ብሎ ወጥቶ በማግሥቱ መፈረም… ምን ልበልዎት፣ እጄ እምቢ አለ።»

ራት ብላ አልኩት። አልራበኝም አለ። አምፖሉን ቀይሮልኝ ሄደ።

ፎርሙ ኪሱ ውስጥ እንደነበረ አላውቅም ነበር። ይህ እውነት ነው። ኪሱ ውስጥ መሆኑን አላውቅም ነበር።

ሴፕቴምበር 24

ደምመላሽ ሊሰድበኝ መጣ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። መልሴን ሁሉ አሰናድቻለሁ። እሱ ግን ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨበጠኝ።

«እትዬ፣ ሰው የሚለውን አይስሙ። ያ ምርቃት ባይሆን ከጁላይ ጀምሮ ቤት ቁጭ ብዬ ሚስቴ በጨረሰችኝ ነበር።»

«ካሳውስ?» አልኩት።

«ሒሳቡ ጠፍቶኝ መሰለዎት? ግን ምርቃት በሒሳብ አይገባም። እግዜር ያየው ነገር ይኖራል።» ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በስልሳ ዓመቴ ሥራ የሚሰጠኝ አለ ብለው ነው?»

አለ አልኩት። እንዴት አለ እላለሁ? ምን አይቼ?

ቢሰድበኝ ይሻል ነበር።

ሴፕቴምበር 27፣ መስቀል

ሳባ የመርዕድ ሚስት ናት። ሂትሮው አየር ማረፊያ አውሮፕላን ታጸዳለች። ጴንጤ ናት፤ ማኅበራችን አትመጣም። ዛሬ ዕረፍቷ ስለነበር ዓይኔን ለማሳየት ሆስፒታል ልትወስደኝ ከሚኖሩበት ከሰቨን ሲስተርስ መጣች። የቀጠሮው ወረቀት ፎልደሩ ውስጥ ነው አልኳት። የትኛው ፎልደር እንደሆነ አልነገርኳትም። ጥፋቱ የእኔ ነው።

ስትመለስ በእጇ የያዘችው የቀጠሮውን ወረቀት አልነበረም፤ ከስኳር ጋዜጣው ቆርጬ ዳርቻው ላይ የጻፍኩበትን ነው።

«እትዬ፣ ይሄ ጽሑፍ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

አነበበችው። እንደ ተማሪ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነው ያነበበችው፦ «ጁን 27 ቀን 2017 አነበብኩ። ገደቡ ሲነሣ ትንንሾቹ ማጣሪያዎች ዓመቱን አይሻገሩም። ኦስትለር ቀድሞ ይወድቃል።»

እጄን ዘርግቼ ወረቀቱን ተቀበልኳት።

«ማኅበሩ ጁላይ ሁለት ነበር አይደል? ከዚህ በኋላ።»

«የገበያ ግምት ነው፣ ሳባ። ግምት ይሳሳታል።»

«እርስዎ ተሳስተው ያውቃሉ?»

አለባበሴን አስተካከልኩ። ቀጠሮው ያልፍብናል አልኳት። አልተንቀሳቀሰችም።

«መርዕድ የመረቁትን በቃሉ ይዞታል። ማታ ማታ ይለዋል። 'እንጀራ ፍለጋ ዳግመኛ ባሕር አያሻግራችሁ' ብለዋል አሉ። ከሰባቱ ባሕር ሊሻገር የነበረው ማን ነበር እትዬ?»

«ለሁሉም ነው የመረቅሁት።»

«እኔ አሜን አላልኩም» አለች። «እዚያ አልነበርኩም። እኔና ልጆቼ ግን አብረን ታስረናል።»

ለመርዕድ ልትነግሪው ነው ወይ አልኳት። አትነግረውም። «ከእኔ ከሰማ አያምንም፤ ከተጣላን ደግሞ ሁለት ሐዘን ነው። ከእርስዎ አፍ ይስማው» አለች። ከዚያ ክንዴን ይዛ ደረጃውን አንድ በአንድ አወረደችኝ። ሆስፒታልም ሦስት ሰዓት አብራኝ ተቀመጠች። ጥሩ ልጅ ናት። ይህን ከዚህ በፊት መጻፍ ነበረብኝ።

ሐኪሙ የግራው ዓይን አይመለስም አለ።

ሴፕቴምበር 28

ቀኑን ተሳስቼ ጽፌው ይሆን? ጁላይ 27 ለማለት?

አይደለም። ቀን ተሳስቼ አላውቅም።

ሴፕቴምበር 29

እንቅልፍ የለም። ዝናብ። ሊፍቱ እንደቆመ ነው። ዛሬ ማንም አልደወለም፤ እኔም አልደወልኩም። ሁለት ጊዜ ስልኩን አንሥቼ አስቀመጥሁ።

ኦክቶበር 1፣ እሑድ

ገደቡ ዛሬ ተነሣ። ከመስኮቴ ሲታይ ምንም አልተለወጠም።

ማኅበር ነበር። ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀረሁ። አልያዘኝም። መርዕድ ከዚያ ሲወጣ ድርሻዬን ዳቦ በወረቀት ጠቅልሎ አመጣልኝ።

«ማን መረቀ?»

«ቄሱ። እንደ እርስዎ አልሆነላቸውም» ብሎ ሳቀ። ከደብዳቤው ወዲህ ሲስቅ የመጀመሪያው ነው።

ልነግረው አሰብኩ። እውነቱን ለመጻፍ፣ አፌን ከፍቼ «መርዕድ» ብያለሁ። አቤት አለ። መስኮቱ ንፋስ ያስገባል አልኩት። ተነሥቶ ጠርዙን በወረቀት ጠቀጠቀልኝ። እየጠቀጠቀ ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ።

«የባሕረ ሰላጤዎቹ ትናንትም ኢሜይል ላኩ። እስከ ዓርብ ነው የሚጠብቁት። ሳባ ሂድ ትላለች። ለልጆቹም እዚያ ትምህርት ቤት አለ አሉ።»

«አንተስ?»

«እኔማ… ዓይንዎ እንዲህ ሆኖ፣ ሊፍቱ እንዲህ ሆኖ። ደግሞ መርቀውኛል። ምርቃቱን ጥሼ ከሄድኩ የሚቀናኝ አይመስለኝም።»

የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኖም እንዲህ ነበር። አታድርግ ያልኩትን፣ ባላየውም፣ አያደርግም ነበር። እኔ ጨዋ አሳድጌዋለሁ ብዬ እኮራበት ነበር።

«እንግዲህ አንተ ታውቃለህ» አልኩት። እሱ እንደማያውቅ እያወቅሁ ነው ያልኩት።

ኦክቶበር 4፣ ረቡዕ

በዚህ ደብተር መጀመሪያ ላይ ስለ ራሴ ያልሆነውን አልጽፍም ብያለሁ። ያልሆነ አልጻፍኩም። የሆነውን ግን አጎደልኩ። ትምህርት ቤት ሳለን የሒሳብ መምህራችን ቁጥር ከደበቀችው ይልቅ የተሳሳተችው ትሻለኛለች ይሉ ነበር፤ የደበቀችውን ነበር የሚገርፏት። እኔ አንድም ቀን ተገርፌ አላውቅም። ስለዚህ አሁን የጎደለውን እሞላለሁ።

ጁን 25 እሑድ መርዕድ የባሕረ ሰላጤውን ደብዳቤ ይዞ መጣ። እንደ ልጅ ደስ ብሎት ነበር። «እቴቴ፣ ፓኑን በእጅ የሚያፈላ ሰው ነው የሚፈልጉት» አለኝ። እንኳን ደስ ያለህ አልኩት። እሱ ከሄደ በኋላ ደረጃውን ቆጠርሁት። ዘጠና ሁለት ነው።

ጁን 27 ጽሑፉን አነበብኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ኦስትለር እንደማይተርፍ አወቅሁ። የጁላይ ካሳ የመጨረሻው ጥሩ ካሳ እንደሆነም አወቅሁ። ለሰባቱም ሰው ደውሎ ፈርሙ ማለት የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነበር።

ጁላይ 2 ዳቦውን ያዝኩ። ቄሱ ባይቀሩ ኖሮ እላለሁ፤ ቄሱ ቀሩ እንጂ እኔን እንዲህ በይ አላሉኝም። ያልኩት ሦስት ነገር ነው። ሁለቱን ጽፌያለሁ። ሦስተኛው «እንጀራ ፍለጋ ዳግመኛ ባሕር አያሻግራችሁ» ነው። ቃሉን በባቡር ስሄድ ነበር ያሰናዳሁት። ስናገረው ማንን እንዳየሁ አውቃለሁ። አንገቱን ደፍቶ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ አሜን አለ። የቀሩት ስድስቱ በመርዕድ ላይ ለወረወርኩት ነገር በመሐል ቆመው የተመቱ ናቸው። ደምመላሽ ደግሞ የመታውን እጅ ጨበጠው።

አትሂድ ብዬ ብለምነው ኖሮ ልመና ነው፤ እምቢ ማለት ይችል ነበር። እምቢ የማይባልበትን መረጥሁ።

ነገ የማደርገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው።

መርዕድ የከሰዓት ፈረቃ ነው፤ እስከ አምስት ሰዓት ቤቱ ነው። ስለዚህ ጠዋት በሁለት ሰዓት እነሣለሁ፤ ደረጃውን ብቻዬን እወርዳለሁ፤ በእጄ ብረቱን ይዤ፣ ሳልቸኩል። ሰቨን ሲስተርስ ስደርስ ሻይ ቢያቀርቡ ተናግሬ እስክጨርስ አልቀምስም። ሳባም ትስማ፤ በር አይዘጋም።

ወረቀቱን እሰጠዋለሁ። ቀኑን ጮክ ብሎ ያንብብ። ለምን እንዳደረግሁት ከጠየቀኝ፣ እንዳትሄድብኝ ነው እላለሁ። ካልጠየቀኝም እላለሁ። ዓይኔን፣ ሊፍቱን፣ ዕድሜዬን አላነሣም። አላለቅስም።

ያልኩትን ምርቃት እኔው በአፌ አነሣለሁ። እንዴት እንደሚነሣ አላውቅም፤ የሰማሁት ሥርዓት የለም። ሂድ እለዋለሁ። ለባሕረ ሰላጤዎቹ እዚያው ፊቴ ይጻፍላቸው፤ ዓርብን አይጠብቅ።

ከዚያ ለደምመላሽና ለአምስቱ በየተራ እደውላለሁ። የእነሱን ካሳ የምመልስበት መንገድ የለኝም። የሚሉኝን እስከ መጨረሻው እሰማለሁ።

ስመለስ በአውቶቡስ ነው። መርዕድ ላድርስዎ ቢል አይሆንም እላለሁ። ቁጥሩን የሚያነብልኝ ሰው ፌርማታው ላይ አይጠፋም።